ዓይኔን የወሰደችው ወፍ

ጎተንበርግ፣ መስከረም 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ይርጋነሽ፣ ቢቸና

አዲሱ ዓመት በጤናና በጥጋብ ይግባልዎ። ጉልበትዎንም ዓይንዎንም እመቤቴ ትጠብቅልኝ። እኔ ስጦታው፣ የሀብትነሽ ልጅ፣ ስዊድን አገር ብርዱ ሳይጠና ደህና ነኝ።

እናቴ ካረፈች ወዲህ ለእርስዎ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ተዝካሯን እኔ ሳልኖር እርስዎ ቆመው እንዳወጡላት ባለሱቁ ሰይድ ከሞጣ ነገረኝ። የአጎት ልጅ ብቻ ሳይሆኑ እህት ሆኑላት፤ እግዜር ይስጥልኝ። ይህ ፖስታም በሰይድ በኩል ነው የሚደርስዎ። በስልክ ያልደወልኩት ኔትወርኩ ስለሚጠፋ ብቻ አይደለም። የምልክልዎ ነገር በእጅ ተይዞ፣ ወደ ብርሃን ዘንበል ተደርጎ የሚታይ ነው።

የምሠራው ማተሚያ ቤት ነው። በየዓመቱ ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ የዱር ወፎች ፎቶግራፎች እኛ ዘንድ ይታተሙና ለሕዝብ ይታያሉ። ቀለሙ ትንሽ የሳተውን ወረቀት አለቃችን ወደ ቆሻሻ ይወረውረዋል። እኔ ደግሞ ከቆሻሻው አነሣዋለሁ። ቤቴ ሞላ። እሑድ እሑድም አሮጌ ካሜራ ይዤ ወደ ባሕሩ ቋጥኝ እወጣለሁ። ጓደኞቼ ፎቶ ሲያነሱ አንድ ዓይናቸውን መጨፈን አለባቸው፤ እኔ ያ ድካም ቀርቶልኛል።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። ኤግዚቢሽኑ የሚከፈተው በሚያዝያ ማለቂያ ነው። ዘንድሮ ለእኛ ለሠራተኞችም አንድ ግድግዳ ተሰጥቶናል። እያንዳንዳችን አንድ የወፍ ፎቶ እንመርጥና ለምን እንደመረጥነው አንድ ገጽ ጽፈን ከሥሩ እንሰቅላለን። እኔ መስቀል የምፈልገው ዓይኔን የወሰደችውን ወፍ ነው።

ሰባት ዓመቴ ነበር። ከየጁቤ በታች ቆላው ውስጥ እርስዎ ማማ ላይ ሆነው ማሽላ ከወፍ ይጠብቁ ነበር፤ እኔ ምሳዎን ይዤ መጣሁ። ከዚያ ወዲያ ጩኸት ነው የማውቀው። እናቴ ሁልጊዜ «ወፍ ናት የነካችህ» ትለኝ ነበር። «ምን ዓይነት ወፍ?» ስላት «እኔ አልነበርኩ፤ ይርጋነሽን ጠይቃት» ትለኛለች። ሳልጠይቅዎ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሆነኝ። አሁን እናቴም የለች። ያየ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት።

ቂም ይዤ አይደለም፣ እትዬ። ልጅ ሳለሁ ወፍ ሁሉ ጠላቴ ነበር። እዚህ መጥቼ ፎቶዎቹን በየቀኑ ሳገላብጥ ግን ፍቅር ያዘኝ። በዚያ ገጽ ላይ ይቅር ብያታለሁ ብዬ ልጽፍ ነው። ስሟን ሳላውቅ ግን ማንን ይቅር እላለሁ? አራት ፎቶ ልኬያለሁ። ዓይናቸውን ይዩልኝ፤ ጥሩ የወፍ ፎቶ የሚለየው ዓይኗ ላይ ባለችው የብርሃን ነጥብ ነው። ከመካከላቸው ካለች ይንገሩኝ።

ጉልበትዎን ስሜ፣
ስጦታው

&nbsp;

ቢቸና፣ ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰላመ እግዚአብሔር እንደ ሐምሌ ጎርፍ ሞልቶ፣ ባሕርና የብስ ተሻግሮ፣ በባዕድ ምድር ለተተከልህ ለሀብትነሽ ተክል ይድረስ።

ይህን ያሉት መሪጌታ ገብረ ክርስቶስ ናቸው። ደብዳቤ ይጻፉልኝ ብላቸው ደብረ ወርቅ የተማሩትን ሁሉ ሊያፈሱብህ ነው። እኔ የምለው እንዴት ነህ ነው። በላህ ወይ? ጠጣህ ወይ? ብርዱን የሚመክት ካልሲ አለህ ወይ? በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የቆጠርኩት ፊደል ዛሬ ሲወጣ የዶሮ ጭረት ነው፤ ስለዚህ መሪጌታን ታገሣቸው።

ፎቶዎቹ ደረሱኝ። ኧረ ስጦታዬ! ምን ጉድ ነው የላክህብኝ? ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቼ ቤቴ የጽዋ ማኅበር መሰለ። አንተ ዓይናቸውን እይ አልኸኝ፤ እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ወፍ ስጠብቅ የማየው ምንቃር ነው። ምንቃሩ ሥራውን ይናገራል። ፍርዴን ስማ።

ያች ከአይስላንድ የመጣችው፣ ምንቃሯን በቀይና በቢጫ የተኳለችው፣ ሙሽራ ናት። ዓሣውን አፏ ላይ እንደ መቁጠሪያ ደርድራዋለች። መሪጌታ «ጾም ገዳፊ» አሏት። እህል እስካልነካች ድረስ እኔ ምን አገባኝ? ነጻ ናት። ያች ከኢኳዶር የመጣችው፣ አውራ ጣት የምታክለው፣ አበባው ፊት አየር ላይ የቆመችው፣ መጀመሪያ ንብ መስላኝ ነበር። ወረቀቱን ሳዘነብለው አንገቷ ላይ ያለው አረንጓዴ ወርቅ ይሆናል። ምንቃሯ መርፌ ነው፤ በመርፌ ማሽላ አይለቀምም። እሷም ነጻ። የአውስትራሊያው በቀቀን ግን ሌባ ነው! ቀለሙ አያታልልህ። ምንቃሩን እየው፤ አጭር፣ ወፍራም፣ ጎባጣ። የዚህ መንጋ አንድ ማሳ በአንድ ጧት ይጨርሳል። ብቻ ደግሞ ያምራል ሌባው።

ጉጉቱን ግን ምን ብለህ ላክህብኝ? ነጭ ቢሆንስ! ጉጉት ቤቴ ውስጥ አልሰቅልም አልኩና ለሰይድ ሰጠሁት። ሰይድ ለሁሉም መስታወት ገጥሞላቸዋል። ለድካምህ ምን ልስጥህ ብለው «በገበያ ቀን ሱቄ ላይ ልስቀላቸው፤ ይበቃኛል» አለ። መስገጃው ካለበት ክፍል አያስገባቸውም፤ ሱቁ በር ላይ ግን የሞጣ ሰው ተሰልፎ ያያቸዋል አሉ።

አንድ ነገር ልንገርህ። ዓይናቸውን እይ ባልኸኝ ጊዜ አየሁ። አርባ ዓመት ግድም ወፍ ስጠብቅ የወፍ ዓይን አይቼ አላውቅም ነበር። ከሩቅ ነው የማውቃቸው፤ ጥላና ጩኸት ናቸው። እንዲህ እንደ ሰው የሚያዩ አይመስለኝም ነበር።

ስለዚያች ስለጠየቅኸኝ ወፍ ከእነዚህ ውስጥ የለችም። ሌላ ካለህ ላክልኝ። ደግሞ ቋጥኝ ላይ መውጣቱን ተው፤ አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም።

እናትህ ይርጋነሽ

&nbsp;

ጎተንበርግ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ይርጋነሽ፣ የልደት በዓል በደስታ ይድረስዎ። ጾሙን አምላክ ያስፈጽምዎ። እዚህ ፀሐይ ከምሳ በኋላ ትሸሻለች፤ የእርስዎ ደብዳቤ ግን ቤቴን አበራው።

ፍርድዎን ለሥራ ጓደኞቼ ተረጎምኩላቸው። አሁን ማተሚያ ቤቱ ውስጥ አዲስ ፎቶ በወጣ ቁጥር «እመቤቲቱ ምን ትላለች፤ ነጻ ወይስ ሌባ?» ይሉኛል። አለቃችን ራሱ የቆሻሻውን ወረቀት ለይቶ እያስቀመጠልኝ ነው።

ዛሬ ሦስት ልኬያለሁ። አንደኛው የደቡብ ዋልታው ፔንግዊን ነው። እግሮቹ ላይ ያለውን እንቁላል አዩት? ያ ወንዱ ነው፤ ሴቷ ባሕር ወርዳ እስክትመለስ ከሁለት ወር በላይ ሳይበላ በረዶ ላይ ቆሞ ያቅፈዋል። ሁለተኛዋ ነጯ የባሕር ወፍ፣ በየዓመቱ ከሰሜን ዋልታ እስከ ደቡብ ዋልታ በርራ ትመለሳለች። ዓለምን ዞራ ጎጆዋን አትስትም። ሦስተኛው ከቦትስዋና ነው። ጢስ ይመስላል፤ ጢስ ግን አይደለም። እያንዳንዷ ነጥብ ወፍ ናት። ፎቶ አንሺው ሁለት ሚሊዮን ይሆናሉ ብሏል። ግሪሳ ነው እንግዲህ፤ እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።

ስለዚያች ስለኔዋ ወፍ ደግሞ አንድ የማስታውሰው ነገር አለ፤ ምናልባት ይረዳዎ ይሆናል። ከሰማዩ በኩል ትንሽ ጥቁር ነገር፣ በጣም ፈጥኖ መጣ። ክንፍ አላየሁበትም። ምናልባት ክንፏን አጥፋ ወርዳ ይሆናል፤ አዳኝ ወፎች ሲወርዱ እንደዚያ ናቸው። እንዲህ የምትወርድ የትኛዋ ናት? ትንሽ ናት? ጥቁር ናት? ገጹን መጻፍ ጀምሬያለሁ። የጎደለኝ ስሟ ብቻ ነው።

እባክዎ እትዬ፣ ያስታውሱልኝ። ከእርስዎ ሌላ የምጠይቀው ሰው በዓለም ላይ የለኝም።

ልጅዎ ስጦታው

&nbsp;

ቢቸና፣ የካቲት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰላም ለአንተ ይሁን፣ ስጦታው።

መልሱ የዘገየው መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ነው። ሚኒባስ አልነበረም። እኔም ትንሽ አሞኝ ነበር፤ አሁን ደህና ነኝ።

ፔንግዊኑን ወድጄዋለሁ። መሪጌታ አንብበው ሲጨርሱ «ይህን ባለቤቴ እንዳትሰማ» አሉ። ያችም ዋልታ ለዋልታ የምትሄደው ጎበዝ ናት፤ በየዓመቱ ትመለሳለች አልኸኝ፤ ከአንዳንድ ሰው ትሻላለች።

ስለዚያ ነገር አላስታውስም። ዘመኑ ሩቅ ነው፤ እኔም አርጅቻለሁ። ሰው ያለፈውን ሲቆፍር ምን ያገኛል? አንድ ሌላ ቆንጆ ወፍ መርጠህ ስቀል። ያችን አበባ የምትስመውን ስቀል።

ፎቶም ከእንግዲህ አትላክልኝ። ግድግዳው ሞልቷል። ሌላ የቸገረኝ ነገር የለም፤ ምንም አልፈልግም። ራስህን ጠብቅ።

ይርጋነሽ

ከጸሐፊው፦ ልጄ ስጦታው፣ ይህን ከታች የጨመርኩት እኔ ገብረ ክርስቶስ ነኝ፤ ወይዘሮ ይርጋነሽ አያውቁም። አልታመሙም። የቦትስዋናውን ፎቶ ካዩ ወዲህ ግን ሰው መሆን አቅቷቸዋል። መስታወት አስገጥመው ሰቀሉትና በማግስቱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞሩት። ስለ ዓይንህ የጻፍኸውን ሳነብላቸው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ሦስት ጊዜ «እንደገና ያንብቡት» አሉኝ፤ መልሱን ግን ከላይ እንዳየኸው አድርገው ነው የነገሩኝ። አንድ ነገር ሆዳቸውን ይዞታል። እኔ ጸሐፊ እንጂ ጠያቂ አይደለሁም።

&nbsp;

ጎተንበርግ፣ መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ይርጋነሽ፣ የዐቢይ ጾም ብርታቱን ይስጥዎ።

አስቀየምኩዎት? ደብዳቤዎን አሥር ጊዜ አነበብኩት። ያችን ቀን ማስታወስ ለእርስዎም ከባድ መሆኑን አላሰብኩም ነበር። ደም የለበሰ ልጅ ተሸክመው ዳገቱን እስከ የጁቤ ያወጡኝ እርስዎ ነዎት፤ እናቴ ይህን ሳትናገር ውላ አታውቅም። እኔ ደግሞ እንደ ጨዋታ ደጋግሜ ጠየቅሁዎት። ይማሩኝ።

ከእንግዲህ አልጠይቅዎትም፤ አግኝቻታለሁ መሰለኝ። እዚህ ቤተ ክርስቲያን አብረን የምናስቀድስ አንድ የደጀን ሰው አሉ። ነገሩን ስነግራቸው «ምሳ ይዘህ ነበር? እንግዲያማ ጭልፊት ናት! ዳቦ ከሕፃን እጅ ስትነጥቅ ዓይን አትለይም» አሉኝ። እኔም አሰብኩት፤ ከላይ ነው የመጣችው፣ ፈጥና ነው፣ ጥቁር ናት። ልክ ናቸው።

ከጃፓን የመጣ የጭልፊት ፎቶ አለን። አንዱን ለእርስዎ ልኬያለሁ፤ አትላክ ቢሉኝም ይህን የመጨረሻ ያድርጉልኝ። ወደ ካሜራው ቀጥ ብላ እያየች ስትወርድ ነው። ገጹንም ጨረስኩ። «ዓይኔን የወሰድሽው ጭልፊት ሆይ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት ፈልጌሽ ዛሬ አገኘሁሽ፤ ይቅር ብዬሻለሁ» ብሎ ይጀምራል። ሚያዝያ 28 ይሰቀላል።

ተሳስቼ ከሆነ ይንገሩኝ። ልክ ከሆንኩ ዝም ይበሉ፤ ይገባኛል።

ስጦታው

&nbsp;

ቢቸና፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ስጦታዬ፣ ሰላም ለአንተ ይሁን። ደህና እደር ደህና ዋል ብዬ ልመርቅህ ዛሬ አፌ አይችልም። ስትጨርሰው ምርቃቴን ከፈለግኸው አለ።

መሪጌታ የሉም። ይህን የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ፊደሉ ተጋድሞብሃል፤ ቻለው።

ወፍ አልነካችህም። እኔ ነኝ።

ያን ቀን ግሪሳ ወርዶ ነበር። ልክ እንደላክህልኝ ፎቶ፣ እንደ ጢስ። ማሽላው እሸት ነበር፤ ያ ካለቀ የዓመት ጉርሳችን አለቀ። ወንጭፌን እያዞርኩ እወረውራለሁ፣ እጮሃለሁ፣ አንዱን ጥግ ሳባርር በሌላው ጥግ ይወርዳል። አንተ በመንገዱ ትመጣለህ ብዬ ነበር። ማሽላውን ሰንጥቀህ መጣህ። አላየሁህም። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ አላየሁህም። ድንጋዩን ለቀቅሁት፤ ጮኽህ።

ከማማው ዘልዬ ወረድኩ። ወድቀህ አገኘሁህ፤ ድንጋዩ ከጎንህ ነበር። ሰው እየሮጠ ሲመጣ ድንጋዩን በእግሬ ገፋሁትና «ወፍ ናት» አልኩ። ማንም አልተጠራጠረም። ወፍ ጠባቂ «ወፍ ናት» ካለች ማን ይጠራጠራል?

ያየሃት ትንሿ ጥቁር ነገር ያች ድንጋይ ናት። ክንፍ የላትም።

ተሸክሜ ዳገቱን ያወጣሁህ እውነት ነው። ሀብትነሽ እግሬ ላይ ወድቃ አመሰገነችኝ። ይርጋነሽ ባትኖር ልጄ ሞቶ ነበር አለች። ያን ምስጋና እስከ ዕለተ ሞቷ በላሁት። ልትሞት ሰሞንም እጄን ይዛ ደገመችው፤ ያኔም ዝም አልኩ። ከሁሉ ከሁሉ የሚቆጨኝ ያ ነው።

ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ። ጾሙንም ስግደቱንም ፈጸምኩ። አባ ግን «ለልጁ ንገሪው፤ አለዚያ ስግደትሽ መሬት መምታት ነው» ብለውኝ ነበር። እሺ አልኩ። እሳቸውም ሞቱ፣ እኔ እሺ እንዳልኩ አለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። በእኛ ተገላበጠ፤ የተወጋኸው አንተ ረሳህ፣ እኔ አንድ ቀን እንኳ አልረሳሁም።

ለምን አልነገርሽኝም ትለኝ ይሆናል። መጀመሪያ ሰዉን ፈራሁ። ኋላ ሀብትነሽን። አሁን ደግሞ አንተን ማጣት ፈራሁ። ልጅ አልወለድኩም፤ ታውቃለህ። ፖስታህ ሲመጣ ሰይድ ከሞጣ ለሚኒባሱ ረዳት አደራ ይሰጠዋል፤ እኔ መናኸሪያ ወጥቼ እጠብቃለሁ። ሌላ የምጠብቀው የለኝም። ያን ላጣው እየጻፍኩ ነው።

ግን ጭልፊቷን አየኋት። ዓይኗን አየሁት፤ እይ ብለህ ያስተማርኸኝ አንተ ነህ። ባልሠራችው ልትሰቅላት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ነጻ ነሽ፣ ሌባ ነህ እያልኩ የፈረድኩ ሴት በዚህ ዝም ብል ምን ሰው ነኝ? እሷ ነጻ ናት። ይቅር የምትላት ነገር የለም።

በወጋችን ቢሆን ሽማግሌ አስቀድሜ፣ ድንጋይ በአንገቴ ተሸክሜ ደጅህ ላይ መውደቅ ነበረብኝ። ደጅህ ባሕር ማዶ ሆነብኝ። ስለዚህ ወደ ቆላው ወረድኩ። ማማው የለም፤ ማሽላው ቦታ ላይ ሽምብራ ተዘርቷል። የወንጭፍ ድንጋይ እለቅምበት ከነበረው ጅረት አንዲት አነሣሁ። የዚያን ቀኗ ናት አልልህም፤ እህቷ ናት። በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ በአንገቴ ላይ አድርጌ፣ አጎንብሼ ቢቸና ገባሁ። ሰው «ምነው ይርጋነሽ፣ ማን ሞተብሽ?» ይለኛል። እንደዚያው ሆኜ ሞጣ ድረስ ሄጄ ለሰይድ ሰጠሁት። «ድንጋይ በፖስታ ይላካል እንዴ?» ብሎ ሊስቅ ጀመረና ፊቴን አይቶ ተወው። ባሕር ዳር ወስዶ በአስቸኳይ እልከዋለሁ ብሎኛል።

እንግዲህ በእጅህ ነው። ብትወረውረውም እውነት አለህ። ካነሣኸው ደግሞ አንተ ታውቃለህ። እኔ ከዚህ ሆኜ አጎንብሼ ነው የምጠብቀው።

ይርጋነሽ

&nbsp;

ጎተንበርግ፣ ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ይርጋነሽ፣

ሰላምታዬን መጨረሻ ላይ ያገኙታል፤ መጀመሪያ ላይ ላደርገው ሞክሬ እጄ እንቢ አለኝ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ኤግዚቢሽኑ ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ቆሜ አነበብኩት፤ ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ውሸት አልነግርዎትም፣ ተናደድኩ። በዓይኔ አይደለም። ዓይኔን ለምጄዋለሁ። በእናቴ ነው። ስታመሰግንዎት አስታወስኩና በጣም ተናደድኩ። እናቴ የልጇን ነገር ሳታውቅ ሞተች ብዬ አለቀስኩ። ከእርስዎ የመጣውን ሁሉ ሳጥን ውስጥ ዘግቼ፣ ድንጋዩን ከነፖስታው አልጋዬ ሥር አስገባሁት። አላወጣሁትም። እርስዎ ቢቸና አጎንብሰው እንደሚጠብቁ እያወቅሁ ከሁለት ወር በላይ ተውኩዎት። ይህንንም ይወቁት፤ እኔም ንጹሕ አይደለሁም።

ገጹን ግን ያኔውኑ ቀደድኩት። ጭልፊቷ ግድግዳው ላይ ያለ ምንም ጽሑፍ ተሰቀለች። አለቃችን «ወረቀትህስ?» አለኝ። «የምላት ነገር የለኝም፤ ምንም አላደረገችም» አልኩት። ሰው ሁሉ የሌላውን ጽሑፍ እያነበበ ያልፋል፤ እሷ ጋ ሲደርስ የሚያነበው ስለሌለ ቆሞ ዓይኗን ያያል። ከሁሉም ይልቅ ሰው የቆመው እሷ ፊት ነበር።

አንድ እሑድ እንደ ልማዴ ካሜራዬን ይዤ ቋጥኙ ላይ ወጣሁ። አንዲት ወፍ ከድንጋይ ላይ ተነሥታ በረረች፤ ተከትዬ ላነጣጥር ካሜራውን አዞርኩ፤ ከፊቴ አንድ ሕፃን ከቁጥቋጦው ብቅ አለ። ዓይኔ ወፏ ላይ ስለነበር ልረግጠው ምንም አልቀረኝም። አላየሁትም፣ እትዬ። አጠገቤ ሆኖ አላየሁትም። እዚያው ቆሜ «እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ አላየሁህም» ያሉት ቃል ጆሮዬ ላይ መጣ። ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላት ሴት፣ ሰማዩ ሙሉ ግሪሳ። እኔ ብሆንስ? እኔም «ወፍ ናት» እል ነበር መሰለኝ። ፈሪ እንደሆንኩ አውቃለሁ።

ቤቴ ገብቼ ፖስታውን ከአልጋው ሥር አወጣሁት። ድንጋዩን በሁለት እጄ ከውስጡ አነሣሁት። እንቁላል ታክላለች፤ ቀላል ናት። እርስዎ ግን ስንት ዘመን ከብዳዎት ኖሯል!

ይቅር ለእግዚአብሔር። ይቅር ብያለሁ፤ ለእናቴም ብዬ ይቅር ብያለሁ። ከአንገትዎ አንሥቼዋለሁና ቀና ይበሉ፣ እትዬ።

ድንጋይዋን ሰገነቴ ላይ አስቀመጥኳት። አጠገቧ አንድ እፍኝ ስንዴ በተንኩ። ከዚያ ካሜራዬን ደግኜ ከመስታወቱ ጀርባ ተቀመጥኩ፤ ሦስት ቀን ከሥራ መልስ ጠበቅሁ። የላክሁልዎ ፎቶ ያ ነው። ይህ ቀለሙ የሳተ ውራጅ አይደለም፤ እኔ ያነሣሁት ነው። ዓይኗ ላይ ያለችውን የብርሃን ነጥብ ይዩልኝ። ኋላዋ ላይ መስታወቱ ውስጥ የሚታየው ጥላ እኔ ነኝ።

ጥር ላይ ፈቃድ አለኝ። መንገዱ ከተከፈተ ለጥምቀት ቢቸና ነኝ። መናኸሪያ ይጠብቁኝ። ምርቃቴን ግን ከመምጣቴ በፊት ይላኩልኝ፤ አለ ብለውኛልና።

ጉልበትዎን ስሜ፣ ከልብ ሰላምታ ጋር፣
ልጅዎ ስጦታው

&nbsp;

ቢቸና፣ ነሐሴ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ስጦታዬ፣ ልጄ፣

እደግ ተመንደግ። ዘርህ ይብዛ። የቀረችህን ዓይን ለሁለት የምታይ ያድርግልህ። በወጣህበት ግባ። ሀብትነሽ በሰማይ ትመርቅህ፤ እኔ በምድር መርቄሃለሁ።

ይህንንም በእጄ ነው የጻፍኩት። መሪጌታ ተቀይመው «ሥራዬን ቀማሽኝ» ይሉኛል፤ ለጥምቀት ስትመጣ ሰላምታውን ለሳቸው ትቼላቸዋለሁ፣ በቃል ያፍስሱብህ። ሰይድ ፖስታውን በረዳት አልላከውም፤ ራሱ ይዞ መጣ። ሳነብ ቆሞ ጠበቀኝ። ስጨርስ ምንም ሳልነግረው «አልሐምዱሊላህ» አለ። ነጩን ጉጉትም ይዞ መጥቶ ነበር፤ ተቀብዬ ሰቀልኩት፤ ሟርቱ ከእኔ እንደ ወጣ እሱም ይየው ብዬ። ግሪሳውንም ፊቱን መልሼ አዙሬዋለሁ።

አሁን ፍርድ። ፎቶህን መስኮት ላይ አውጥቼ በደንብ አየኋት። ይህችማ የኛው ድንቢጥ ናት፤ እዚያ ድረስ ምን አመጣት? ድንጋዬ ላይ እግሯን አንፈራጣ እንደ ባለርስት ቆማለች። ዓይኗን አየሁት፤ ነጥቧ አለች፤ አንተንም ከኋላ አየሁህ፣ ከስተሃል። ምንቃሯን ደግሞ አየሁ። አጭር ነው፣ ወፍራም ነው። እኔን አታታልለኝም። እህል ትበላለች።

ትብላ።

እናትህ ይርጋነሽ